የኋላ ጎማው ሽታ

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ሙሽራው» ነው የሚለው። ሙሽራ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ካገባ ቆይቷል፤ ልጆቹ ራሳቸው ጢም ሊያበቅሉ ነው። ስሙ የወጣለት በንጽህናው ነው፤ ያ ንጽህና ከተባለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰውየው ተጸያፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከከባድ መኪና ሆድ ሥር ተንጋሎ የኖረ መካኒክ፣ ግራሶ በነካ ቁጥር ፊቱን ሲያጨማድድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ያጨማድዳል። ጠዋት ቱታውን ሲለብስ እጅጌውን በክር ይቋጥራል፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር እንዳይገባ ጣቶቹን በቫዝሊን ያሻል፤ አፍንጫው ሥር የሎሚ ልጣጭ ይወትፋል። ማታ ቤቱ ሲደርስ ደጅ ላይ ሳይታጠብ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አያስገባም። «አንተ ሰው፣ ምናለ ሌላ ሥራ ብትይዝ?» ያላለው የለም። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ሁሉም ሥራ ይሸታል። ይሄኛው ቢያንስ ከየት እንደሚሸት ይታወቃል።»

ከሁሉም ከሁሉም የሚጠላው የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች የሚነከሩበት። የሞተር ዘይት ቢቆሽሽ ቆሻሻ ነው፣ ይታጠባል፣ ያልፋል። የዲፈረንሻል ዘይት ግን ሲከርም የገማ እንቁላል ይሆናል፤ እጅ ላይ ከያዘ ደግሞ በማግስቱም አይለቅም፤ ጉርሻ ወደ አፍ ሲጠጋ አፍንጫን ይቀድመዋል። እፍ! የኋላ አክስል፣ ጎማውን የሚያዞረው ረጅም ብረት፣ የሚፈታበት ቀን ሲሆን ጎኑ የሚሠራው በያጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያውጃል፤ «ሙሽራው ዛሬ አክስል ሊያወጣ ነው! ሁለት ባልዲ አምጡለት፤ አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለቁርሱ!» ሰው ሁሉ ይስቃል። ሙሽራውም ይስቃል፤ ከዚያ ሄዶ አክስሉን ያወጣል። አንድ ቀን እንኳ «አልችልም» ብሎ ሥራ መልሶ አያውቅም።

ወደዚህ ሥራ የገባው ወዶ አይደለም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጎረምሳ ነበር፤ እህቱ ደግሞ በዳዴ የምትሄድ ሕፃን። አባት የሚባለው ሰው ለሥራ ብሎ እንደወጣ በዚያው ጠፍቷል፤ እሱን ማንሳትም አያስፈልግም። እናም ያ ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ እንኳ የማይነካ ልጅ፣ የሕፃኗን የቆሸሸ ጨርቅ እያጠበ፣ እያስመለሰው፣ አፉን ተጉመጥምጦ ደግሞ እያጠበ አሳደጋት። ጎረቤቶቹ ከሁለቱ ለየትኛው ይበልጥ እንደሚያዝኑ ግራ ይገባቸው ነበር። ሕፃን አዝሎ ለሚመጣ ሠራተኛ በሩን የከፈተለት ይሄ ጋራዥ ብቻ ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ መሃል ጨርቅ አንጥፎ ያስቀምጣታል፤ እሷም እዚያው ሆና ዳዶ ከቡሎን እየለየች አደገች። አፏን የፈታችው «ናፍጣ» ብላ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ውሸት ነው፤ ግን ያስቃል።

እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «እታለም» ይላታል። ከሁለቱ ማንኛቸውም የሌላውን ሐሳብ ሳይጠይቁ ጫማ እንኳ ገዝተው አያውቁም።

ሾፌሩ የመጣው ልጅቷ አድጋ፣ ጎረምሳው ሁሉ ጋራዡ በር ላይ ያለ ሥራ መመላለስ በጀመረበት ጊዜ ነው። የሰው ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ግን እንዴት ያለ ሾፌር! ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ። ጋቢናው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጫማ ሳያወልቁ መግባት የለም። መስተዋቱ ላይ ሽቶ ተንጠልጥሏል። ሙሽራው አንገቱን አስግጎ ጋቢናውን አየና ልቡ ቀለጠ። ከእህቱ በፊት በሰውየው የተለከፈው እሱ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። «ጋቢናውን እንዲህ የሚይዝ ሰው ሚስቱንማ እንዴት አድርጎ ይይዛት ይሆን!» አለ። ልጅቷም «አንተ ካልክ እሺ፣ ጋሼ» አለች። ኤዲያ! ሰው እህቱን የጋቢና ምንጣፍ አይቶ ይድራል? እሱ ግን ዳራት።

ከተጋቡ በኋላ ክፉ ነገር አልታየም። ሾፌሩ ሳቂታ ነው፤ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ አይጨብጥም፣ «ቱታህ ይነካኛል» ብሎ በክርኑ ሰላም ይላል። ሙሽራውም ይሄን እንደ ጨዋነት ነበር የሚቆጥረው። ሕፃን ተወለደ፤ ወንድ። አጎት መሆን ሙሽራውን አሳበደው፤ ልጁን ለማቀፍ ብቻ ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ እጁን ይታጠባል።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ሾፌሩ የሚጭንበት መስመር ተቀየረና፣ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ከትልቁ ቁልቁለት ማዶ ወዳለው ከተማ ሊሄድ ሆነ። ቁልቁለቱን የማያውቅ የከባድ መኪና ሰው የለም። መንገዱ ከተራራው አናት ጀምሮ እየተጠማዘዘ እስከ ሜዳው ድረስ ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። እዚያ ላይ ፍሬኑ እንቢ ያለ መኪና አንዴ ከተንደረደረ የሚያቆመው የለም። በሚሄዱበት ቀን ጠዋት መኪናው አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የልጁን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር እንደጫነ ጋራዡ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እህቲቱ ልጇን ታቅፋ ከጋቢናው ወረደች።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና ይሸታል» አለች ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ጋሼ ሳያየው ንቅንቅ አልልም ብዬ ነው ያስመጣሁት።»

«ያው ያንተ እህት አይደለች? አፍንጫዋ አያስቀምጣት» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። ሸሚዙ ያን ቀን ከወትሮው ይበልጥ ነጭ ነበር። «ትንሽ ዘይት ናት። አየት አድርግላትና እንሂድ፤ ሳይመሽ ቁልቁለቱን መጨረስ አለብኝ።»

ሙሽራው የግራውን የኋላ ጎማ ዞሮ አጎነበሰ። የጎማው የውስጥ ጎን ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፤ በላዩ ላይ አቧራ ተለጥፎ፣ እንደ ገና ረጥቦ፣ እንደ ገና አቧራ ይዞ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ሽታው የሎሚውን ልጣጭ አልፎ መጣ።

«ይሄ ነው ትንሽ?» አለ።

ክሪክ ገባ፣ ታኮ ተደገፈ፣ ጎማዎቹ ወረዱ። የአክስሉን ቡሎኖች ፈትቶ ጫፉን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ላላ፤ ረጅሙን ብረት ስቦ ሲያወጣው የከረመው ዘይት ተከትሎት ባልዲው ውስጥ ተደፋ። እዚህ ላይ ሙሽራው እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረና ትንሽ አቃሰተ። በያጁም እንደ ልማዱ «ሁለተኛው ባልዲ ይቅረብ!» አለ። ሾፌሩ ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ፤ ግን ራቅ ብሎ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ነበር የሚስቀው።

ቀጥሎ ትልቁ ዳዶ ተፈታ፤ የውጪው ኩሽኔታ ወጣ፤ ጎማው የሚታሰርበት ከባዱ ብረት ከነታምቡሩ፣ የፍሬኑን ሸራ ከሚከድነው ከበሮ ጋር፣ ተጎትቶ ወረደ። ያኔ ውስጡ ታየ። እግዜር ያሳያችሁ! የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ፣ ተቃጥሎ፣ ደግሞ ጠጥቶ የረጠበ ከሰል መስሏል። ፍሬን ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ደርቆ ታምቡሩን ይዞ መኪናውን የሚያቆመው ይሄ ሸራ ነው። ይሄ ግን እንኳን መኪና በዳዴ የሚሄድ ልጅ አያቆምም። ሙሽራው በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ተንሸራተተ።

ከዚያ ኦይል ሲል የሚባለው ወዳለበት ቦታ መብራቱን አስጠጋ፤ ዘይቱ ከአክስሉ ወጥቶ ወደ ፍሬኑ እንዳያልፍ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት መሆኑ ነው። ቀለበቱ የለም። በቦታው የተጠቀለለ፣ ጥቁር፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ተወትፏል። በፒንሳ ይዞ ሲስበው እየተተረተረ ወጣ፤ መጀመሪያ የተቀደደ የከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ጨርቅ። ጨርቁን በፒንሳው ከፍ አድርጎ በብርሃኑ አየው። ተረከዝ አለው። ጣት አለው።

ካልሲ ነው።

የሰው ካልሲ! በላብ የሻገተ ይሁን በዘይት የገማ እንጃ፤ ሙሽራው ፒንሳውን ከነካልሲው ወርውሮ ግድግዳውን ተደግፎ አስመለሰ። ያን ጊዜ በያጁ እንኳ ቀልዱን ዋጠው።

«ይሄ የማን ነው?» አለ አፉን በክንዱ እየጠረገ።

«የኔው ነዋ» አለ ሾፌሩ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «መንገድ ላይ አፈሰሰብኝ፣ ምን ላድርግ? ካልሲዬን አውልቄ ሰጠሁት፤ አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ ጠቀጠቀልኝ። ሾፌር ማለት እንዲህ ነው!»

«መቼ?»

«ኧረ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት።»

«አሁንም ክረምት ሊገባ ነው እኮ።»

«ታዲያስ? ይሄን ያህል ጊዜ ያዘ ማለት አይደል!»

ሙሽራው ፒንሳውን ከወለሉ አነሳ። «የመኪናው ባለቤት ዕቃ አልገዛም አለህ?»

«ውሸት አልናገርም፣ በሰው ስም አልምልም፤ የዚያኑ ሰሞን ነው ገዝቶ የሰጠኝ። አለ፣ አለ፣ ጋቢና ውስጥ ነው።» ሄደ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ከወንበሩ ጀርባ ካለችው አልጋ ሥር ካርቶኖች ይዞ ተመለሰ። አዲስ ኦይል ሲል፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተቀደደ። ያቺ አልጋ ሕፃኑ በመንገድ የሚተኛባት ናት። ልጁ ዓመት ሙሉ ሊባል በሚችል ጊዜ አዲሱ ዕቃ ከጀርባው ሥር እየተንገጫገጨ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ካልሲው እየገማ ነው የተጓዘው።

«ለምን አላስቀየርከውም?» አለ ሙሽራው። ድምፁ ወርዶ ነበር፤ ሲናደድ እንዲያ ነው።

«ቀን ይፈጃላ! ደግሞስ» አለና ሾፌሩ ጠጋ ብሎ፣ ሚስጥር እንደሚያካፍል ሰው ሳቅ አለ፤ «አንተ ታውቀዋለህ አይደል? ሲከፈት ያ ሽታ አለ። ልብስ ላይ ከያዘ ጋቢናውን ያበላሸዋል፤ ምንጣፉም፣ ሁሉም። እኔና አንተ እኮ አንድ ነን፣ ቆሻሻ አንወድም።»

እኔና አንተ አንድ ነን! ይሄ ቃል ሙሽራውን ከካልሲው ይበልጥ ሸተተው። ሰውየው ያለው እውነት መስሎት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ራሱ መርጦ፣ ራሱ አድንቆ፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ እህቱን የሰጠ መሆኑ ነው ያቅለሸለሸው። ላዩ ሽቶ፣ ውስጡን ለቄስ። ጎንበስ አለና ሥራውን ቀጠለ።

ጉዱ ግን አላለቀም። የውስጡን ኩሽኔታ አውጥቶ የአክስሉን ቤት ጫፍ በናፍጣ አጠበው፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ነው። ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ግሏል ማለት ነው። ኩሽኔታው ጠብቆ በመቀመጥ ፈንታ ሲሽከረከር ከርሞ ብረቱን ዙሪያውን በልቶታል። ከካርቶኑ አዲሱን አውጥቶ ሰካበት፤ ያለ መዶሻ፣ ያለ ምንም፣ ሸርተት ብሎ ገባ። ጠብቆ መግባት የሚገባው ነገር እንዲህ ሲገባ ያስጠላል። በእጁ ወዘወዘው፤ ይወዛወዛል።

«ይሄ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት» አለ። «ተበይዶ፣ ተሞርዶ፣ በልኩ ተመልሶ መምጣት አለበት። ሸራውም ይቀየራል። የቀኙም ጎን ይከፈታል። በዚህ ሳምንት አይሄድም።»

ሾፌሩ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ለመኪናው ባለቤት ደወለ፤ ትንሽ ተከራከረና «እንደምንም አንቀሳቅሱት እያለ ነው፣ ጭነት ይጠብቀኛል» አለ። ባለቤቱ ሸራውን አላየም፣ ስለ ካልሲውም አልሰማም፤ ሾፌሩ አልነገረውማ።

በዚህ መሃል የጎረቤቱ ጋራዥ ባለቤት ወሬ ሸቶት ብቅ አለ። እሱ ደግሞ ቅጽል ስሙ «ይሂድ» ነው፤ የላላውም፣ የተሰነጠቀውም፣ የሚያፈሰውም መኪና ከጋራዡ ሲወጣ ከኋላው መታ መታ አድርጎ «ይሂድ!» ስለሚል። ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየና ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ፈረደ፤ «ይሄ ምን ችግር አለው? በፑንቶ፣ በሹሉ ብረት፣ ዙሪያውን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለህ፣ ብረቱ ያብጣል፣ ኩሽኔታው ይጠብቃል። ሸራውን በቤንዚን አርሰህ እሳት ትለቅበታለህ፣ ዘይቱ ተቃጥሎ ያልቅለታል። ከምሳ በፊት ይሂድ።»

«አየህ!» አለ ሾፌሩ። «ይሄ ነው ባለሙያ።»

በፑንቶ የተወጋ ብረት ምን እንደሚሆን ሙሽራው ያውቃል። እብጠቱ ለጥቂት መንገድ ይይዛል፣ ከዚያ ይላጋል፣ ከዚያ እንደ ድሮው። አዲሱ ኦይል ሲል በላዩ ሲወዛወዝ ያፈሳል፤ ዘይቱ ሸራው ላይ ይወርዳል። የት ላይ? ቁልቁለቱ ላይ፣ የቤት ዕቃ ተጭኖ፣ እታለም ልጇን ታቅፋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ።

«መኪናው ያንተ ወይም የባለቤቱ ነው» አለ ሙሽራው። «ጎትታችሁ ጎረቤቴ ጋ ውሰዱት፣ ወጉት፣ አቃጥሉት። እህቴ ግን በዚህ አትሄድም።»

«እህትህ ሚስቴ ናት።»

«ትሁና!»

«ምንድነው እንዲህ የሚያደርግህ? እስካሁን ሄዶ የለም እንዴ? ምን ሆነ? አንድ ነገር ሆነ?» ሾፌሩ እጆቹን ዘርግቶ ለበያጁም፣ ለይሂድም፣ ለመንገዱም ጠየቀ። «ምን ሆነ? ንገሩኛ!»

እህቲቱ እስከዚያ ድረስ ግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ልጁን ታጠባ ነበር። ቀሚሷን ሰበሰበችና ተነሳች።

«ሆኗል» አለች።

ሾፌሩ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ዝም በይ እስቲ።»

«ዝም ብዬ ነበር፤ በቃኝ። ጋሼ፣ ባለፈው የምንገባበትን ቤት ልናይ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘም። ቢረግጠው፣ ቢረግጠው ወፍ የለም። ከቋጥኙ ጋር እያፋተገ፣ እያፋተገ ነው ያቆመው። በኔ በኩል ያለው መስተዋት ረገፈ፤ ልጁ ላይ ተኝቼበት ነበር፣ ስብርባሪው ጀርባዬ ላይ ነው የፈሰሰው። ሌባ ወሰደው ብሎህ አልነበር? ሌባ አይደለም። ‹ለጋሼ ብትነግሪ መኪናውን ይይዝብኛል› ብሎ አስማለኝ። ማልኩለት። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ሰው እንዴት ልጁን ሊገድልበት በነበረ ነገር አፉን ይዘጋል?» አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ነበር። «ከዚያ ወዲህ ጋቢናው በሸተተኝ ቁጥር ልጁን አጥብቄ እይዛለሁ። ‹ተሠርቷል፣ አስጠግኜዋለሁ› አለኝ። ዛሬ ጠዋት ዕቃው ሲጫን ደግሞ ሸተተኝ።»

ሙሽራው ጎኑ ባለ ትርፍ ታኮ ላይ ቁጭ አለ። በዓይኑ የመጣበት ጀርባዋ ነው፤ ያ በትንሽነቱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ ያሳደገው ጀርባ፣ መስተዋት ፈሶበት።

«ቆመ አይደል?» አለ ሾፌሩ። «እንዴ! አቆምኩት አይደል? ያቆመው ማነው፣ እኔ አይደለሁም? ሌላ ሾፌር ቢሆን ገደል ነበራችሁ። አታመሰግኑም!»

ይሂድ ሳይቀር ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ነገሩ እንዳይነካካው ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ጋራዥ ሄደ።

እህቲቱ ሾፌሩ ፊት መጥታ ልጁን «ያዘው» አለችው። ያዘው። ልጁ ግን ረጥቦ ነበርና ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ ሸሚዙን እንዳይነካው አርቆ ነው የያዘው፤ የገዛ ልጁን፣ አየር ላይ። ልጁ እግሩን አወራጨ። እሷ ያን አየች። ወደ ተፈታው የአክስል ቤት ሄደች።

«የቱ ጋ ነው፣ ጋሼ?»

«ተይው፣ እጅሽ ይበላሻል።»

«የቱ ጋ ነው?»

የእጇን አንጓ ይዞ አሳያት። ጣቷን ሰማያዊው ብረት ላይ አሳረፈችና ዙሪያውን ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። ኩሽኔታው የበላው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፤ ቆመ፤ እንደ ገና ዞረ። ከውስጥ ገና የሚንጠባጠበው ዘይት ከመዳፏ እስከ አንጓዋ ወረደ፤ ሽታውም ወጣ፣ እፍ፣ ያው የገማ እንቁላል። ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ከብረቱ ወደ ሸራው አለፈች፣ እሱንም ጨመቀችው፤ ጥቁር ውሃ ወጣው።

«እዚህ ላይ ነበር የተቀመጥነው?» አለች።

«እዚህ ላይ» አለ ሙሽራው።

ተመለሰች። ልጁን በንጹሑ እጇ ከሾፌሩ ተቀብላ ጎኗ ላይ አደረገችው። ቀጥላ ሌላውን እጇን ሸሚዙ ላይ አሳረፈች፤ ከኮሌታው ሥር ጀምራ እስከ ቀበቶው ድረስ፣ ሳትቸኩል፣ መጀመሪያ መዳፏን፣ ከዚያ ገልብጣ የእጇን ጀርባ፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ። መካኒክ ከሥራ በኋላ እጁን በአሮጌ ጨርቅ እንደሚጠርገው። ሾፌሩ አልተንቀሳቀሰም። ምን እየሆነ እንደሆነ የገባው እጇን ስታነሳ ነው፤ ወደ ታች አየ።

«አዲስ እኮ ነው!» አለ።

በቃ። ሰውየው ያን ሁሉ ሰምቶ፣ ያን ሁሉ አይቶ ከአፉ የወጣው ይሄ ነው። በያጁ የጠፋውን መበየጃ በእጁ እንደያዘ ቆሟል፤ ሙሽራው ታኮው ላይ ተቀምጦ አማቹን እንደ አዲስ ሰው ያየዋል። እህቲቱ ግን አልገረማትም። ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱን ከድሮ ታውቀው የነበረ ትመስላለች፣ ጥያቄውን ለመጠየቅ ብቻ ነበር ጊዜ የወሰደባት።

ሾፌሩ መሐረቡን አውጥቶ ደረቱን ይፈትግ ጀመር፤ በፈተገው ቁጥር ጥቁሩ ይሰፋል። «ቤንዚን የለም? ቶሎ ካልታጠበ እኮ አይለቅም» ይላል። የሰጠው ሰው የለም።

እሷ ልጁን ለበያጁ አቀበለችና የቀኙን ጎማ ረግጣ የመኪናው ጭነት ላይ ወጣች። ገመዱን ፈታች። ፍራሹን በሁለት እጇ ገፍታ ወደ ጫፉ አመጣችውና ቁልቁል አየች።

«ጋሼ፣ ተቀበለኝ። ወደ ቤትህ ነው የምንሄደው።»

ሙሽራው ተነሳና እጆቹን አየ። እስከ ክርኑ ጥቁር ናቸው። «ቆይ እታለም፣ መጀመሪያ ልታጠብ። የልጁ ፍራሽ ነው፣ አበላሸዋለሁ።»

«አታበላሸውም፤ ተቀበለኝ» አለች።

ፍራሹን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀበላት።